ጠባብ ክፍልና ጠቆር ያለ ቀለም

ጠባብ ክፍል የደረሰው ሰው ግድግዳውን ቀለም ሊቀባ ባሰበ ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው። ቀለም ሻጩም፣ ቀቢውም፣ ጎረቤቱም «ነጭ አድርገው» ይሉታል። ምክሩ ያለ ምክንያት የተሰነዘረ አይደለም። በንጹሕ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ ከመቶ 80 ያህሉን ወደ ክፍሉ መልሶ ይረጨዋል፤ ጥቁር ግድግዳ ግን ከመቶ 5 ያህሉን ብቻ መልሶ የቀረውን ይውጠዋል። ስለዚህ የነጭ ክፍል ግድግዳ ከዓይን ራቅ ያለ፣ ጣሪያውም ከፍ ያለ መስሎ ይታያል። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች ሳሎን ያለችው ሰው ይህን የመሰለ ማታለያ ቢያገኝ ምን ይጠላል?

ይሁን እንጂ ምክሩ ስለ አንድ ነገር ዝም ይላል፤ ይኸውም በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ከየት እንደ መጣ ነው። ብርሃን በሚቸግርበት አገር፣ ሰማዩ ለወራት በደመና በሚሸፈንበት ቦታ፣ ከደጅ የሚገባው ሰው ዓይኑ የተራበው ብርሃን ስለሆነ ነጩ ግድግዳ ይጠቅመዋል። ብርሃን ተርፎ ሰውን በሚያንገላታበት አገር ግን ከደጅ የሚገባው ሰው የሚሻው ሌላ ነገር ነው። ለዚህም ከካርቱም የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከጣና ሐይቅ ጋር ስትነጻጸር 1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ200 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የዘወትር ነገር ነው። መንገዱ አሸዋማ፣ አጥሩ አፈርማ፣ ሰማዩም አብዛኛውን ጊዜ ደመና የሌለበት በመሆኑ ብርሃኑ ከላይ ወርዶ፣ ከመሬት ተመልሶ፣ ከግድግዳ ነጥሮ መንገደኛውን በሁሉም በኩል ይመታዋል። ከጎንደር ወይም ከወሎ ደጋ ወርዶ ወደዚያች ከተማ የገባ ሰው ከሙቀቱ እኩል ይህ ብርሃን ያስመርረዋል። ሙቀቱን በውሃና በጥላ ሊያበርደው ይሞክራል፤ ብርሃኑን ግን በምን ያበርደዋል?

ስለ ቀለም ከተነሣ ዘንድ ስለ ወንዙ ስም አንድ ነገር ጣል አድርጎ ማለፍ አይከፋም። አማርኛ ተናጋሪው «ጥቁር ዓባይ» የሚለውን ወንዝ ዓረብኛ ተናጋሪው «አል በሕር አል አዝረቅ» ይለዋል። «አዝረቅ» በመጽሐፍ ዓረብኛ ሰማያዊ ማለት ነው፤ በሱዳን ሕዝብ አነጋገር ግን መልኩ በጣም የጠቆረ ሰውም «አዝረቅ» ይባላል። ስለሆነም የአማርኛውና የሱዳኑ ስያሜ ከላይ ሲታዩ የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ ብዙም አይለያዩም።

ከእንዲህ ያለው ደጅ ወደ ነጭ ክፍል የሚገባ ሰው ከፀሐይ ቢያመልጥም ከብርሃን አላመለጠም። በሩና መስኮቱ ያስገቡትን ብርሃን አራቱ ግድግዳዎች እየተቀባበሉ ሲያባዙት ዓይኑ እንደ ተጨፈነ፣ ግንባሩም እንደ ተቋጠረ ይቀመጣል። ጠቆር ወዳለ ክፍል የሚገባ ሰው ግን በመጀመሪያ ምንም ነገር አይታየውም። በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት ይደናበራል፤ ወንበሩን በእጁ ይዳስሳል። ከዚያም የዓይኑ ብሌን ቀስ በቀስ እየሰፋ ሲሄድ ረከቦቱ፣ መደርደሪያው፣ የተቀመጡት ሰዎች ፊት፣ አንድ በአንድ ከጥላው ውስጥ ይወጣሉ። ዓይን ጨለማን ፈጽሞ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ለዕረፍት ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል።

«ታዲያ ጠቆር ያለ ቀለም ሙቀት ይስብ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የውስጡንና የውጭውን ግድግዳ አንድ ላይ ያደባልቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ጣሪያና የውጭ ግድግዳ ጥቁር ቢቀባ ሙቀቱን ጠጥቶ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ እነዚህን ነጭ ማድረግ ብልህነት ነው። በውስጥ በኩል ያለው ግድግዳ ግን ፀሐይ በቀጥታ እስካልደረሰበት ድረስ ቀለሙ ጠቆረ ነጣ የክፍሉ ሙቀት እጅግም አይለወጥም። ዋናው ጥንቃቄ መስኮቱ ላይ ነው። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ጥቁር መጋረጃ ወይም ጥቁር ግድግዳ ላይ ካረፈ፣ ያ ቦታ እንደ ምጣድ መጋሉ አይቀርም። ስለዚህ መስኮቱን ከውጭ በኩል በሰሌን ወይም በእንጨት መዝጊያ መጋረድ ያስፈልጋል። በአጭሩ ከውጭ ነጭ፣ ከውስጥ ጠቆር ያለ ቤት ለካርቱም የሚስማማ ቤት ነው።

የካርቱም ነባር ቤቶች አሠራርም ለዚህ የተመቸ ነው። «ጃሉስ» የሚባለው የጭቃ ግድግዳ በእጅ እየተደረበ፣ አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላው እየተጨመረበት የሚሠራ ወፍራም ግድግዳ ነው። ከዝናብ ለመከላከልም ጭቃ ከከብት እበት ጋር ተለውሶ በየጊዜው ይመረግበታል፤ ይህን ምርጊት «ዚባላ» ይሉታል። ምርጊትን ከእናቱ ቤት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወዲያው አያስገባውም፤ ቀን ሙሉ ይዞት ውሎ ማታ ላይ ይለቀዋል። በዚህም ምክንያት የካርቱም ሰው በሙቀት ወራት ሌሊቱን በግቢው ውስጥ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ፣ ከሰማይ በታች ተኝቶ ያሳልፈዋል። የግቢውን ቅጥር «ሆሽ»፣ አልጋውን «አንገሬብ» ይሉታል። እንግዲህ በዚያ አገር ሳሎን በይበልጥ የቀን መጠለያ እንጂ የሌሊት ማረፊያ አይደለም። በአውሮፓ መጽሔቶች የሚታየው ሳሎን ለምሽት የተሠራ በመሆኑ፣ ምክሩም ለምሽት ነው።

ይህ ሁሉ የፀሐይና የግድግዳ ጉዳይ ነው። ከዚህ የከበደው ጉዳይ ግን ሰውየው ግድግዳውን ለመቀባት ፈቃደኛ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን የሄዱት በአንድ ዘመንና በአንድ ምክንያት አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በፖለቲካ የተሰደዱ አሉ፤ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ እግራቸው እስኪቆስል ተጉዘው የተሻገሩ አሉ፤ ከዚያም በኋላ ሥራ ፍለጋ የሄዱ ብዙዎች ናቸው። በገዳሬፍ አውራጃ የሚገኘው ኡም ራኩባ የተባለው ሰፈር በ1977 ዓ.ም. ስደተኞችን ተቀብሎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን እንደገና ተቀበለ። «ራኩባ» በዓረብኛ በእንጨትና በሰሌን የተሠራ ዳስ ማለት ነው። ዳስ ለጊዜው የሚጠለሉበት እንጂ ግድግዳው ቀለም የሚቀባ ነገር አይደለም።

በካርቱም በዴም፣ በጅሬፍና በሌሎችም ሰፈሮች ክፍል ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት ሰዎች የብዙዎቹ ሐሳብ እንደዚሁ የዳስ ሐሳብ ነበር። አንዱ ወደ አሜሪካ የሚያሻግረውን ወረቀት ይጠብቃል፤ ሌላው በሊቢያ በኩል ወደ ባሕር ለመድረስ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ሌላዋ «ትንሽ ልያዝና አገሬ እገባለሁ» ትላለች። ስለዚህ ግድግዳው የቀድሞው ተከራይ የመታውን ምስማር እንደ ያዘ፣ ኖራውም እንደ ተላጠ ይቆያል። ለነገ መንገደኛ ቀለም ምን ያደርግለታል? ነገር ግን ወረቀቱ ይዘገያል፤ ገንዘቡ ለታመመ ወንድም ይላካል፤ ነገ ሳይደርስ ዓመታት ይደራረባሉ። በዚያች ምስማር በበዛባት ክፍል ውስጥ የተወለደ ሕፃን ቦርሳ አንግቶ ትምህርት ቤት መሄድ ይጀምራል። ወላጆቹ የሚጠብቁት ሕይወት እዚያው ክፍል ውስጥ እያለፈ መሆኑን የሚነግራቸው የልጁ ጫማ መጥበብ ብቻ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት በዴም ሰፈር ክፍል ተከራይታ የምትኖር አንዲት ወጣት ነበረች። ቀን በሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ዕለት ታርፋለች። አንድ ዓርብ የቤት መሥሪያ ዕቃ ከሚሸጥበት ከሰጃና ገበያ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ገዝታ መጣችና የክፍሏን ግድግዳ እንደ ተቆላ ቡና ያለ ቀለም ስትቀባው ዋለች። በሚቀጥለው ዓርብ በዚያው ግቢ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ የወሎ ሴት ለቡና ተጠርተው ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው ደኅናውን ግድግዳ ጥቀርሻ ያስመሰልሽው?»

«እማማ፣ መጀመሪያ ይግቡና አረፍ ይበሉ፤ ከዚያ ይቈጡኛል።»

«እናቴ ዓይኗን ያጣችው በጭስ ነው። እኛ ኖራ ለመቀባት ስንቱን ዓመት ተመኘን! አንቺ ደግሞ ከኖራ ወደ ጥቀርሻ ትመለሻለሽ?»

«ይኸኛውማ ጭስ የለበትም እኮ፣ እማማ።»

«ደግሞስ በኪራይ ቤት! ነገ ለምትለቂው!»

«ነገ እያልኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ።»

ሴትዮዋ ለዚህ መልስ አልሰጡም። ገብተው ተቀመጡና ፊታቸውን ከፀሐይ የከለሉበትን ነጠላ ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉት። ጥቂት ቆይተው ግድግዳውን ቀና ብለው አዩና፣ «እስቲ ቡናውን አፍዪው» አሉ።

የእኒህ ሴት ቁጣ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በደጋው የኢትዮጵያ ገጠር ጎጆ መስኮት አልነበረውም፤ ብዙውም ዛሬም የለውም። ምድጃው ከቤቱ መካከል ሆኖ ጭሱ በሣሩ ክዳን ሰርስሮ እስኪወጣ ድረስ በሰው ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይመላለሳል። ጥቀርሻው ወጋግራውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል ተብሎ ቢመሰገንም እንጀራ ጋጋሪዋን ከምንም አልጠበቃትም። ጨለማው የድህነት ጨለማ ነበር። ስለዚህ የተማረ ልጅ ከከተማ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮት ማውጣትና ግድግዳውን ኖራ መቀባት ነው፤ የቆርቆሮ ክዳንና ነጭ ግድግዳ የመሻሻል ምልክት ሆኑ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ላደገ ሰው ጠቆር ያለ ግድግዳ ወደ ኋላ መመለስ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ብርሃን የታጣበት ክፍልና ቀለሙ ጠቆር ያለ ክፍል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለነዋሪው ምርጫ አይሰጠውም። ሁለተኛው መስኮት አለው፤ መስኮቱን መክፈትም መጋረድም የነዋሪው ፈንታ ነው። ግድግዳው ይታጠባል፤ አየሩ ይለዋወጣል፤ መብራቱ በሚፈለግበት ቦታ ይቀመጣል። ይህን ልዩነት ለማየት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ሐረር መሄድ ይበቃል።

በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ ያለው የአደሬ ቤት ዋና ክፍል ሰፊ የሚባል አይደለም፤ ብርሃኑንም በአብዛኛው የሚያገኘው በበሩ በኩል ነው። ወለሉና «ነደባ» የሚባሉት ደረጃ በደረጃ የተሠሩት መቀመጫዎች በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው። ይህ ቀይ ፈዛዛ ቀይ አይደለም፤ ወደ ጡብ፣ አንዳንዴም ወደ ደም የሚጠጋ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ነው ሲባልም ይሰማል። ከመቀመጫው በላይ ያለው ግድግዳ ነጭ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ባለቀለም ስፌቶች፣ ጣባዎችና ሳሕኖች ይደረደራሉ። ማን በየትኛው ነደባ ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ሥርዓት አለው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በግንቡ ብቻ ሳይሆን በእንደነዚህ ያሉት ቤቶች ጭምር ነው። እንግዲህ የሐረር ሰው ጠባብ ሳሎኑን ሰፊ ለማስመሰል አልደከመም። ጠቆር ያለውን ቀለም ሰው ከሚቀመጥበት አደረገው፤ ነጩን ዕቃ ከሚታይበት አደረገው፤ እንግዳውም በቀዩ ውስጥ እንደ ታቀፈ ይቀመጣል።

ጃፓናዊው ደራሲ ጁንኢቺሮ ታኒዛኪም በ1933 እ.ኤ.አ. ጥላን የሚያመሰግን አንድ ረዘም ያለ ድርሰት ጽፎ ነበር። የጃፓን ነባር ቤት የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ ረዘም ብሎ የወጣ፣ መዝጊያውም ወረቀት የተለጠፈበት በመሆኑ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን የለዘበ ነው። ደራሲው እንደሚለው ጥቁር ቀለም የተቀባው የእንጨት ጎድጓዳ ሳሕንና በላዩ ላይ የተነጠፈው የወርቅ ጌጥ የሚያምሩት በዚህ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ነው፤ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ሲታዩ ጨዋነታቸው ይጠፋል። የታኒዛኪ አገር ከካርቱም ጋር በአየር ጠባይ አይገናኝም፤ ጥላን እንደ ጉድለት አለማየቱ ግን የሚጠቅም ሐሳብ ነው።

ወደ ሥራው ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ጠቆር ያለ ቀለም ይሻላል የሚለው ነው። ድፍን ጥቁር ለካርቱም አይመከርም። ምክንያቱ ሐዘን መምሰሉ ብቻ አይደለም። «ሀቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል፤ በርና መስኮት ቢዘጋም ዱቄት የመሰለው አቧራ በቀዳዳው ሁሉ ይገባል። ይህ አቧራ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነገር ላይ ሲያርፍ እንደ ተነፋ ጤፍ ይታያል። ከአፈር ዘር የሆነ ቀለም ላይ ግን፣ ማለትም በቡና፣ በጡብ ወይም በደረቀ ቅጠል ቀለም ላይ፣ ያን ያህል አያጋልጥም። ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ ለዓይን እጅግ ቢያሳርፉም ጨርቅ ይዞ መወልወል የማይታክተው ሰው ይሻሉ።

ሁለተኛው የሚታሰበው ልስላሴው ነው። የጭቃ ግድግዳ እንደ መስተዋት የተስተካከለ አይደለም፤ ጉብታና ጉድጓድ አለው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ከተቀባ እያንዳንዱ ጉብታ ብርሃን እየያዘ ራሱን ያሳያል። የማያብለጨልጭ ቀለም ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ሲቆሽሽ ለማጠብ ግን ያስቸግራል። ሁሉን አንድ ላይ የሚሰጥ ቀለም የለም። ጣሪያውን በሚመለከት ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ክፍሉ ዝቅ ያለ ከሆነ ጣሪያውን ፈካ ባለ ቀለም መተው ከመታፈን ያድናል። ደፋር የሆነ ሰው ግን ጣሪያውንም ከግድግዳው ጋር አንድ ቀለም ቢቀባው ያልጠበቀውን ነገር ያያል፤ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት መስመር በጥላው ውስጥ ስለሚጠፋ ዓይን ክፍሉ የት እንደሚያልቅ መለካት ያቅተዋል። ነጩ ክፍል ጥበቱን በብርሃን ሲሸፍን፣ ይኸኛው ደግሞ ማዕዘኑን በመደበቅ ይሸፍነዋል። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ማታለል እንደሆነ መፍረድ ያስቸግራል።

መብራቱን ከጣሪያው መካከል በአንድ አምፑል ማንጠልጠል ለእንዲህ ያለ ክፍል አይስማማም። አምፑሉ ዓይን ይወጋል፤ ማዕዘኖቹም ዋሻ ይመስላሉ። ዝቅ ብለው በየማዕዘኑ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ መብራቶች የተሻሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ የክፍሉን ጌጥ ለመግዛት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ራሱ ጌጥ ይሆናል። በነጭ ግድግዳ ፊት የማይታይ ነጭ ሲኒ በቡና ቀለም ግድግዳ ፊት ጎልቶ ይወጣል። የተሰቀለ ነጠላ ጥበቡ ይነበባል። የስንደዶ ሙዳይ፣ የናስ ትሪ፣ የተቀመጡት ሰዎች ጥርስና ዓይን ሳይቀር ያምራሉ። ከሁሉም የሚደንቀው የዕጣኑ ጭስ ነው። ጭስ በነጭ ግድግዳ ፊት እምብዛም አይታይም፤ ጠቆር ባለ ግድግዳ ፊት ግን ከማጨሻው ተነሥቶ እስኪበተን ድረስ እያንዳንዱ እጥፋቱ ይታያል። ጭስን ሸሽተው ኖራ የቀቡ እናቶች ልጆች የዕጣን ጭስ ለማየት ግድግዳቸውን ማጥቆራቸው የሚያስገርም ነው።

ችግሩን መደበቅ አይገባም። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በካርቱምም በሙቀት ወራት መብራት መጥፋቱ ያልተለመደ አልነበረም፣ አንድ ሻማ ነጭ ክፍልን የሚያበራውን ያህል ጠቆር ያለውን አያበራውም። ማታ የሚያጠና ተማሪ ባለበት ቤት መብራት ከደብተሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ ከግድግዳው የሚመለስ ብርሃን አይረዳውም። የወባ ትንኝም ጨለም ያለ ቦታ ላይ ማረፍ ይወዳል፤ በጥቁር ግድግዳ ላይ ያረፈችን ትንኝ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። በዚህ ምክንያት ብቻ ነጩን የሚመርጥ ሰው ቢኖር ትክክል ነው።

ሆኖም ግን ቀለም የቀባ ተከራይ ጎረቤቶቹ ዘንድ የሚፈጥረው ነገር ሌላ ነው። ቀለም መቀባት ገንዘብ ያስወጣል፤ የቤቱን ባለቤት ማስፈቀድ ይጠይቃል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ «እዚህ እየኖርኩ ነው» ማለትን ይጠይቃል። ይህን ቃል ስደተኛ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተናገረው አገሩን የካደ፣ የሚጠብቀውን ወረቀት ተስፋ የቈረጠ ይመስለዋል። ነጭ ኖራ መቀባት ቢሆን ለሚቀጥለው ተከራይም የሚሆን ነው፤ የማንም አይደለም። የቡና ቀለም ግን የአንድ ሰው ፍላጎት ነው፤ የሚቀባውም ለአንድ ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ በዴም ሰፈር አንድ ክፍል ጠቆር ሲል ጎረቤቶች የሚጨቃጨቁት ስለ ቀለም መስሎ ስለ ራሳቸው ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ኃይል መካከል በካርቱም ውጊያ ተከፈተ። ከተማይቱ ከነዋሪዎቿ በብዙው ባዶ ሆነች። ሱዳናውያንም ኢትዮጵያውያንም በገዳሬፍና በገላባት አድርገው በመተማ በኩል ድንበር ተሻገሩ። የያዙት ልጅ፣ ወረቀት፣ የሚለበስ ነገርና ውሃ ነበር። ኖራው የተላጠበትን ክፍል ትቶ የሄደውም፣ ግድግዳውን በሁለት ቆርቆሮ ቀለም አሳምሮ የሄደውም የተጓዙት በአንድ መንገድ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ መያዙ ተገለጸ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ቤታቸው መመለስ የጀመሩ ሰዎች አሉ።

የተመለሰ ባለቤት የፈረሰውን ጠግኖ ክፍሎቹን እንደገና ለማከራየት ሲነሣ ግድግዳውን በኖራ ማንጣቱ የታወቀ ነው። ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ክፍል ሲያጋጥመው ግን ሥራው ይበዛበታል። ኖራ በፋብሪካ ቀለም ላይ በደንብ አይይዝም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ነጭ የፋብሪካ ቀለም ገዝቶ ቢቀባም አንድ ዙር አይበቃውም፤ ሁለት ጊዜ ቀብቶ ጠዋት ሲመጣ የቡናው ቀለም ከሥር ብቅ ብሎ ያገኘዋል፤ ሦስተኛ ዙር መግዛት ይኖርበታል።